መልሱ የዘገየ ጸሎት በይፋት ቆላ

በይፋት ቆላ የሚኖር ክርስቲያን ለዓመታት ደጋግሞ የሚጸልይባቸው ጉዳዮች ብዙ አይደሉም፤ የታወቁም ናቸው። ዝናብ፣ ልጅ፣ ጤና፣ ሰላም፣ ከቤት ወጥቶ የቀረ ሰው። ከእነዚህ አንዱ ያልነካው ቤት ማግኘት ያስቸግራል። ሁለትና ሦስቱን አንድ ላይ ተሸክመው የሚያድሩም አሉ።

በዚህ ቆላ ያለችው ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። መንገዱ የጣርማበርን ብርድ ከጨረሰ በኋላ በደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ ወደ ቆላው ይገባል። ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር አካባቢ ያለው ይህ ሜዳ ማሽላ፣ ጤፍና ማሾ ያበቅላል፤ ወንዝ ባለበትም በመስኖ ሽንኩርት ይለማል። የበልግ ዝናብ የሚጠበቀው ከየካቲት ጀምሮ ነው። ረጅም ጊዜ የሚፈልገው ማሽላ የሚዘራው በዚህ ዝናብ ስለሆነ፣ በልጉ ከቀረ የዓመቱ ነገር ሁሉ ይዛባል። በ1977ቱ ድርቅ የዚያን ጊዜው የይፋትና ጥሙጋ አውራጃ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነበር። የዝናብ ጸሎት እዚህ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሆኖ የቆየው ስለዚህ ነው።

ልመናው ዝናብ ብቻ አይደለም። ወጣቶች በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግረው ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ይሄዳሉ፤ ከሄዱት ውስጥ ድምፃቸው የጠፋ አለ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬና በዙሪያዋ ያሉ ከተሞች በግጭት ተቃጠሉ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ድረስ መጣ፤ ሕዝቡም ቤቱን እየዘጋ ሸሸ። የሰላም ጸሎት ከዚያ በፊትም ነበረ፣ ከዚያ በኋላም አልተቋረጠም። ብዙዎች የለመኑትን ሰላም ሳያዩ አርፈዋል።

ስለ ጸሎት የሚሰጠው ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ዘግይቶ ስለመጣ መልስ ነው። መካኗ ወለደች፣ በሽተኛው ተነሣ፣ የጠፋው ተገኘ። እነዚህ ምስክርነቶች እውነት ናቸው፤ ለሚጠብቅ ሰውም ስንቅ ይሆናሉ። ነገር ግን ሳይመለስ የቀረ ጸሎት አለ። ይህን የሚያልፍ ትምህርት ከሁሉ ይልቅ ትምህርቱን የሚሻውን ሰው ሜዳ ላይ ይጥለዋል። መጽሐፍ ቅዱስና የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ስለ ሁለቱም ይናገራሉ።

ከዘገዩት መልሶች የመጀመሪያው የአብርሃም ነው። ከካራን ሲወጣ ዕድሜው 75 ነበር፤ ይስሐቅ ሲወለድ 100። በመካከሉ 25 ዓመት አለ፤ ያም ጊዜ በጸጥታ አላለፈም። አብርሃምና ሣራ መጠበቁ ሲረዝምባቸው በራሳቸው መላ ገቡ፤ አጋር እስማኤልን ስትወልድ የአብርሃም ዕድሜ 86 ደርሶ ነበር። መጽሐፉ ይህንን አይሸሽገውም፤ በቤቱ የተከተለውን ጠብና እንባም ይጽፋል። አብርሃም ግን ከዚያ በኋላም የእምነት አባት መባሉ አልቀረም። እየጠበቀ የተሰናከለ ሰው ተስፋው ተቆርጧል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ግልጽ ማስረጃ የለም።

የዘካርያስና የኤልሳቤጥ ታሪክ ከዚህ ይለያል። ሁለቱም አርጅተዋል፣ ልጅ የላቸውም። መልአኩ ለዘካርያስ ጸሎቱ እንደተሰማለት ሲነግረው፣ ካህኑ ማመን አቅቶት ምልክት ጠየቀ፤ ልጁ ተወልዶ ስም እስኪወጣለትም ዲዳ ሆኖ ቆየ። ከሁኔታው እንደሚታየው ያንን ልመና ልቡ ከተወው ቆይቷል። ሰውዬው ያቆመውን ጸሎት እግዚአብሔር አልተወውም ነበር። ዘካርያስ ልጅ የማግኘት ተስፋው ሲደክም ቤተ መቅደሱን ግን አልተወም፤ መልአኩ ያገኘው ተራው ደርሶ ዕጣን ሲያጥን ነው። ስሜቱ ቢደክምም አገልግሎቱ አልተቋረጠም። በይፋት ገጠርም ለዓመታት የለመነችውን ያላገኘች እናት በበዓሉ ቀን ነጠላዋን አጣፍታ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ስትቆም ትታያለች። ያ ቀን ለእሷ በቃል የምትለምንበት ላይሆን ይችላል፤ መምጣቷ ግን ጸሎት ነው።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መጠበቅን ለእያንዳንዱ ሰው ልብ ብቻ ትታ አላለፈችም። በዘመን አቆጣጠሯ ውስጥ አስገብታዋለች። በትውፊቱ አዳም ከገነት ሲወጣ ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ እንደሚድን ቃል ተገባለት፤ ቀኑም እንደ ሺህ ዓመት ተቆጥሮ 5,500 ዓመት ሆነ። ባሕረ ሐሳብ የሚያሰላ ሰው ዛሬም ከዚህ ይነሣል። ለምሳሌ 2017 ዓ.ም. በ5,500 ላይ ሲደመር 7,517 ዓመተ ዓለም ይሆናል፤ በዚህም የዓመቱ ወንጌላዊ፣ በዓላቱና አጽዋማቱ ይወጣሉ። እንግዲህ አንድ የይፋት ገበሬ የዓመቱን ወንጌላዊ ባወቀ ቁጥር ከክርስቶስ መምጣት በፊት የነበረውን ረጅም ጥበቃ አብሮ ይቆጥራል።

ጾሙም እንዲሁ ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ልደት ዋዜማ የሚጾመው ጾመ ነቢያት፣ ነቢያት የመሢሑን መምጣት የጠበቁበት መታሰቢያ ነው። በቆላው ይህ ጊዜ ማሽላው የሚቆረጥበትና የሚወቃበት ወቅት ስለሆነ ሰው እህሉን እየሰበሰበ የነቢያትን ጾም ይጾማል። የካቲት 8 ደግሞ የአረጋዊው ስምዖን በዓል ይከበራል። መሢሑን ሳያይ እንደማይሞት የተነገረው ይህ ሽማግሌ ሕፃኑን በእጁ ታቅፎ ያየው በሕይወቱ መጨረሻ ነው። በዓሉ የሚውለው የይፋት ሰው የበልጉን ደመና ቀና ብሎ በሚያይበት ወር ነው። ግንቦት 1 የሚከበረው ልደታም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። በትውፊቱ ኢያቄምና ሐና ልጅ በማጣት ሲነቀፉ ኖረው እመቤታችንን ወለዱ፤ ጎረቤት ከደጅ ወጥቶ ንፍሮ የሚቃመሰውም ለዚህ መታሰቢያ ነው። ልጅ ያጣች ሴት በዚያ ቀን ከወለዱት ጋር እኩል ተቀምጣ ትቀምሳለች።

በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መጻጉዕ ይባላል። ያን ዕለት የሚነበበው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ያለው ታሪክ ነው፤ ሰውዬው 38 ዓመት ታሞ በመጠመቂያው ዳር ተኝቷል። ጌታ መዳን ይፈልግ እንደሆነ ሲጠይቀው በቀጥታ አልመለሰም። የነገረው ውኃው ሲናወጥ አንሥቶ የሚያስገባው ሰው እንደሌለው ነው። ለ38 ዓመት የከበደው በሽታው ብቻ አልነበረም፤ ሁሉም ቀድሞት ሲገባ እሱ ብቻውን መቅረቱም ነበር። የመጻጉዕን እሑድ የሚሰብክ ካህን ብዙ ጊዜ ፈውሱ ላይ ይቆማል፤ የሰውዬው ብቸኝነትም የዚያኑ ያህል ሊሰበክ ይገባዋል። ረጅም ጥበቃ እምነትን የሚበላው በብቸኝነት ውስጥ ነውና።

የጽዋ ማኅበር ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። በየወሩ በሚካኤል፣ በማርያም ወይም በሌላ ቅዱስ ዕለት አባላቱ ተራ ገብተው በአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ። ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ካህኑ ይባርካል፤ የቀረ ሰው ካለም ለምን እንደቀረ ይጠየቃል። ልጇ ባሕር ተሻግሮ ድምፁ የጠፋባት እናት ቤቷን ዘግታ እንዳትቀር የሚያደርጋት ይህ ጥያቄ ነው። ጸሎት ከአፏ አልወጣ ሲላት ሌሎች ይጸልዩላታል። በቅዳሴውም ስለ ዝናብና ስለ ምድር ፍሬ፣ ስለ ሕሙማንና ስለ መንገደኞች የሚቀርብ ምልጃ አለ። የራሷን ልመና መናገር ያልቻለች ሴት በዚያ ምልጃ ውስጥ ተካትታለች። ዝናብ ሲጠፋም ካህናቱ ታቦት አውጥተው፣ ሕዝቡ ተሰብስቦ እግዚኦታ ያደርሳል። በይፋት ክርስቲያኑ ምህላ ሲይዝ ሙስሊሙ ጎረቤቱ በበኩሉ ዱዓ ያደርጋል፤ የጠፋው ዝናብ የሁለቱም ነውና።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው የሚጠብቅ ሰው በአምላኩ ፊት ምን ማለት ይፈቀድለታል የሚለው ነው። ብዙ ሰው ማጉረምረም ኃጢአት እንዳይሆንበት ፈርቶ ኀዘኑን ይውጠዋል። ዳዊት የሚደግም ሰው ግን እንደዚያ አይማርም። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ 13ኛ፣ በግዕዙ 12ኛ የሆነው መዝሙር እግዚአብሔርን እስከ መቼ እያለ አራት ጊዜ ይጠይቃል። በአማርኛው 88ኛ፣ በግዕዙ 87ኛ የሆነው ደግሞ እንደ ሌሎቹ በምስጋና አይቋጭም፤ በጨለማ ይጨርሳል። ቤተ ክርስቲያን ይህንን መዝሙር ከዳዊቱ አላወጣችውም። መዝሙረ ዳዊት ለየዕለቱ ተከፍሎ ሲደገም እሱም ተራው ደርሶ ይደገማል። ልቅሶን ለእግዚአብሔር መናገር ከእሱ መሸሽ አይደለም፤ ሰው የሚያጉረመርመው አለ ብሎ በሚያምነው ፊት ነው። መዝሙሩን መድገም ሌላም ጥቅም አለው፤ የራሱ ቃል ያለቀበት ሰው ሌሎች በእንባ የተናገሩትን ቃል ያገኛል።

ለሸዋ ሰው ቅርብ የሆነው ታሪክ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ወላጆች ነው። ካህኑ ጸጋ ዘአብና ባለቤታቸው እግዚእ ኀረያ በቡልጋ ኢቲሳ የኖሩ፣ ልጅ ያጡ ባልና ሚስት ነበሩ። ገድሉ እንደሚተርከው በየወሩ የቅዱስ ሚካኤልን በዓል ያከብራሉ፣ ድኾችን ያበላሉ። ለዓመታት ያጡት ልጅ ሳይመጣ የባሰ ነገር መጣባቸው፤ የዳሞቱ ገዢ ሞተለሚ ሀገሩን ወርሮ እግዚእ ኀረያን ማርኮ ወሰዳት። ልጅ ሲለምን የኖረው ካህን ሚስቱንም አጣ። ሚካኤል አድኖ ከመለሳት በኋላ ነው ጻድቁ የተጸነሱት፤ ልደታቸውም ታኅሣሥ 24 ይከበራል። ገድሉን የሚሰማ ሰው የልደቱን ደስታ ያስታውሳል፤ በመካከል ያለችውን የምርኮ ወቅት ግን ቶሎ ያልፋታል። ያቺ ወቅት ጸሎት እየተጸለየ ነገር እንዴት እንደሚከፋ የምታሳይ ናት፤ አጣዬ ወይም ሸዋ ሮቢት ላይ ቤቱ ለተቃጠለበት ሰው ቀድማ ልትነገረው የሚገባውም እሷ ናት።

መጠበቅ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። የይፋት ገበሬ በልግ ሲቀር ምህላውን አያቋርጥም፤ ዘሩን ግን ይቀይራል። ለማሽላ ያሰበውን ማሳ ክረምቱ ሲገባ ጤፍ ወይም ቶሎ የሚደርሰውን ማሾ ይዘራበታል። ይህንን ያደረገ ገበሬ እምነቱ ጎድሏል የሚለው የለም። በበሽታ ላይ ግን ይኸው ነገር ይደናገራል። ጠበል የገባ በሽተኛ መድኃኒቱን ማቆም እምነት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ የሳንባ ነቀርሳን፣ የኤች አይ ቪን፣ የሚጥል በሽታን፣ የስኳርን መድኃኒት በዚህ ምክንያት አቋርጠው የተጎዱም አሉ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ሳይጨረስ ሲቋረጥ ተሕዋሲው መድኃኒቱን ሊለምድ ይችላል፤ በሽተኛውም ለቤተሰቡ ያስተላልፋል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በፕትርክናቸው ዘመን ጠበሉና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው እንዲወሰዱ በይፋ አስተምረዋል። ጠበል እየተጠመቁ ኪኒን መዋጥ ሁለት ልብ መሆን አይደለም። ልጅ ያጡ ባልና ሚስትም አብረው ሊመረመሩ ይገባል፤ መካንነት ከወንዱም ሊሆን እየቻለ ጫናው ሁሉ በሴቲቱ ላይ ሲወድቅ ይታያል።

ጥበቃው ሲረዝም ሁለት ፈተናዎች ይመጣሉ። አንደኛው ስለትን እንደ ንግድ መቁጠር ነው። ስለት የምስጋና ቃል ኪዳን ነው። ጃንጥላ፣ ጧፍ ወይም ሰንጋ ተስሎ መልስ የዘገየበት ሰው ግን መጠኑ አንሶ ይሆን ብሎ በላዩ ይጨምራል፤ የሌለውንም ተበድሮ ይሳላል። በመጽሐፈ ሳሙኤል ሐና ልጅ ብትወልድ ለእግዚአብሔር ልትሰጠው ተሳለች፤ የተሳለችው ግን የምትለምነውን ያንኑ ልጅ ነበር እንጂ ዋጋ አልነበረም። ሁለተኛው ፈተና ጠንቋይ ቤት ነው። ወደዚያ የሚሄደው ሰው አብዛኛውን ጊዜ እምነት የለሽ አይደለም፤ የደከመ ሰው ነው። ጠንቋዩ የሚሸጠው ቀን ቆርጦ መናገርን ነው፤ በዚህ ሳምንት፣ በዚህ ወር ይላል። እግዚአብሔር ቀን ያልቆረጠለት ሰው ይህ ያጓጓዋል። ከተግሣጽ በፊት ንስሐ አባቱ ድካሙን ቢሰማው ይመለሳል።

የሚያጽናናው ሰውም መማር ያለበት ነገር አለ። ሐና በቤተ መቅደስ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ስታለቅስ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። ተሳስቶ ነበር፤ ስትነግረውም ሰምቶ መረቃት። ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ማን ኃጢአት እንደሠራ ጠየቁ፤ ጌታ እሱም ወላጆቹም አይደሉም አለ። የኢዮብ ወዳጆች በዝምታ አብረውት በተቀመጡባቸው ሰባት ቀናት ከአፋቸው ክፉ ነገር አልወጣም፤ ጥፋታቸው የጀመረው ሲያስረዱት ነው። በዛሬው ቋንቋ ይህ እምነትህ አንሶ ነው፣ በቤትህ ኃጢአት አለ፣ አጥብቀህ አልጾምክም ይባላል። እንዲህ ያለ ቃል የታመመውን ሰው ሁለት ጊዜ ያሳምመዋል። ከቤተ ክርስቲያን ያስቀረው ሰውም ቀላል አይደለም። ነገሩ የኦርቶዶክሱ ብቻ አይደለም፤ ፈውስ አጥብቀው በሚሰብኩ የወንጌላውያን ጉባኤዎችም ያልተፈወሰው ሰው ራሱን ተጠያቂ አድርጎ ይወጣል።

ቤተ ክርስቲያን ራሷም እንደ አካል ረጅም ጥበቃ ታውቃለች። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ከተቀበሉ በኋላ ጳጳስ ይመጣ የነበረው ከግብፅ ነው። አንዱ ሲያርፍ ተተኪው እስኪመጣ ዓመታት ያልፉ ነበር፤ ያን ጊዜ ካህን አይሾምም፣ ታቦት አይባረክም። ኢትዮጵያውያን የራሳቸውን ጳጳስ ደጋግመው ለመኑ። በ1921 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ሚካኤል፣ አቡነ አብርሃምና አቡነ ይስሐቅ በካይሮ ተቀቡ። አቡነ ባስልዮስ በ1943 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳስ፣ በሰኔ 1951 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆኑ። ከአባ ሰላማ እስከዚህ 1,600 ዓመት ገደማ ነው። በቅርቡ ዘመንም ሲኖዶሱ ለሁለት ተከፍሎ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዕርቅ ወረደ፤ በስደት የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስም ወደ ሀገራቸው ገቡ። በየቅዳሴው ስለ አንድነት ሲለምኑ ከኖሩት ካህናትና ምእመናን ያን ቀን ያላዩት ብዙ ናቸው።

ሳይመለሱ የቀሩ ጸሎቶች ቦታቸው እዚህ ነው። ሙሴ ዮርዳኖስን ተሻግሮ መልካሚቱን ምድር ለማየት ለመነ፤ እግዚአብሔርም ስለዚህ ነገር ዳግመኛ እንዳይናገረው ነገረው፤ ከተራራ ላይ አይቷት ሞተ። ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለመነ፤ የተሰጠው መውጊያውን የሚችልበት ጸጋ ነው። ጌታም በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍ ሦስት ጊዜ ጸለየ፤ ጽዋው አላለፈም። ቤተ ክርስቲያን ይህንን በሰሙነ ሕማማት እየሰገደች ታስበዋለች። እንግዲህ ለልመናው እንቢታ ያገኘ ሰው የተጣለ አይደለም፤ ከሙሴና ከጳውሎስ ጋር፣ ከጌታም ጋር ነው። የዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 11 የእምነት ሰዎችን ከዘረዘረ በኋላ የተስፋውን ቃል ሳያገኙ እንደሞቱ ይመሰክራል፤ እምነታቸውን ግን በዚያ ምክንያት አይነቅፍም።

በ1921 ዓ.ም. ከተቀቡት አራቱ ጳጳሳት አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጣሊያን ጦር ተረሸኑ፤ አቡነ ሚካኤልም በጎሬ ተገደሉ። የሀገራቸውን ነጻነትም የቤተ ክርስቲያናቸውን ፓትርያርክም አላዩም። ልመናቸውን የተረከቡት ከኋላ የመጡት ናቸው። በየቤቱም የሚደረገው ይኸው ነው። እናት ተስላ ሳታደርስ ብታርፍ ልጆቿ ለንስሐ አባቷ ነግረው ስለቷን ያደርሳሉ። የጠፋ ወንድም ሲጠበቅ አባት ቢሞት፣ ዐርባው ወጥቶ ተዝካሩ ከተበላ በኋላ፣ የወንድሙን ስም በጸሎት የሚያነሣው ታላቁ ልጅ ይሆናል።